ባለ አንድ ኪስ ከረጢት

ሚጡን ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ አስገቧት። ጎማ ባለው አልጋ ላይ ተጋድማ፣ ጸጉሯ በአረንጓዴ ቆብ ተሸፍኖ፣ የቀዶ ጥገናው ክፍል በር ሲከፈትላት እጇን ከአንሶላው ስር አውጥታ አውለበለበች። ለሽርሽር የምትሄድ እንጂ ደረቷን ሊከፍቱት የሚወስዷት አትመስልም ነበር። በሩ ተዘጋ። ኮሪደሩ ላይ ሁለት ሰው ቀረ፤ አንዷ ታላቅ እህቷ፣ ሌላው ባሏ።

ታላቅ እህቷን ሰፈሩ «እትዬ ብጣሽ» ነው የሚላት። በስድብ አይደለም። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ ልብስ ሰፊዎች ከጠረጴዛ ስር የሚጠርጉትን ብጣሽ ጨርቅ እየለቀመች፣ አጥባ፣ ተኩሳ፣ ገጣጥማ ብርድ ልብስ የምትሰፋ ሴት ስለሆነች ነው። እናታቸው ሲሞቱ እሷ አሥራ ሰባት፣ ሚጡ አራት ዓመቷ ነበር። ዘመድ ተሰብስቦ «ትንሿን ማን ይውሰድ?» ሲባባል፣ እትዬ ብጣሽ ልጅቷን በጀርባዋ አዝላ ከቤት ወጣች፤ ዘመድ ተበትኖ እስኪያልቅ አልተመለሰችም። ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ ስፌት ነው። ሚጡ ትምህርት ቤት የገባችው በብጣሽ ቀሚስ፣ ደብተሯን የያዘችው በብጣሽ ቦርሳ ነው። ልጆቹ ሲስቁባት እያለቀሰች ብትመጣ፣ «የእነሱ ቦርሳ እኮ አንድ ዓይነት ጨርቅ ብቻ ነው ያለው፤ ደሃ ሆነው ነው» ብላ አሳቀቻት። ባልስ? ጠያቂ አልጠፋም። «ልጄን ላድርስና» እያለች መለሰቻቸው። ልጇ ደርሳ፣ የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ ሆና፣ ጸጉር አስተካካይ አግብታ ከቤት ስትወጣ፣ ጠያቂዎቹ የልጅ ልጅ ያቅፉ ነበር።

እንግዲህ ይቺ ናት አሁን ኮሪደር ላይ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ ለጥፋ የተቀመጠችው። ፈርታለች። ፍርሃቱ «እህቴን ምን ያገኛት ይሆን» ብቻ ቢሆን ኖሮ እንደማንም ሰው በቻለችው ነበር። የሆዷ እሳት ግን ሌላ ነው፤ እሱንም ልንገራችሁ፣ ደብቄው ማንን ልጠቅም!

ከሰባት ወር በፊት፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሚጡ መጥታ ከስፌት መኪናው አጠገብ ቆመች። «እታለም፣ እስኪ እዚህ ጋ ንኪኝ» አለቻት፣ ግራ ጡቷን ከጎን በኩል እያሳየች። እትዬ ብጣሽ የተከመረ ሥራ ነበረባት። እግሯን ከመርገጫው ሳታነሳ በሁለት ጣቷ ዳበሰቻት። ጣቶቿን ታምናቸዋለች። በሦስት ድርብ ጨርቅ ስር የተደበቀች የክር ቋጠሮ ያገኛሉ፤ ሐሩን ከአርቴፊሻሉ በጨለማ ይለያሉ። የሰው ሥጋም ጨርቅ መሰላት መሰለኝ። «ምንም አይደለም፤ እኔም እንዲህ ያለ እብጠት ወጥቶብኝ ጠፍቷል። ጠብቂ፣ ይሄዳል» ብላ ወደ መኪናዋ ተመለሰች።

ሚጡ ጠበቀች። ታላቋ ያለቻትን ስትፈጽም ነው ያደገችው። ሰባት ወር! ሐኪሙ መጀመሪያ ሲያያት «ካወቅሽው ስንት ጊዜ ሆነሽ?» ብሎ ጠየቀ። ሚጡ «ቆይቷል» አለችና ወለሉን አየች። «ማን ጠብቂ አለሽ?» ብሎ አልጠየቃትም፤ እሷም አልተናገረችም። አጠገቧ የተቀመጠችው እትዬ ብጣሽ ግን መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ እህትማማቾቹ ስለ ሁሉ ነገር አውርተዋል፤ ስለ ምርመራው፣ ስለ አልጋው፣ ስለ ሌሊት ልብሱ። ስለዚያች ቅዳሜ አንዲት ቃል አልወጣቸውም።

ሐኪሙ ያለው ይህን ነው። እብጠቷን ትንሽ ሆና ካገኛት እሷንና ዙሪያዋን ብቻ አንስቶ ይወጣል፤ ተስፋፍታ ከሆነ ጡቱን በሙሉ ያነሳዋል። «ከፍቼ ሳላይ ቃል አልገባም» አለ። እትዬ ብጣሽ ይህን ስትሰማ በልቧ የያዘችው አንድ ነገር ነው፦ ትንሽ ከሆነች «ጠብቂ» ማለቴ ብዙ አልጎዳም፤ ሙሉው ከወጣ ግን የቆረጥኳት እኔ ነኝ።

ሦስት ሰዓት ገደማ አንዲት ፈጣን ነርስ ወጣች። በእጇ ባዶ የፕላስቲክ ብልቃጥ ይዛለች፤ ቁመቷ ስንዝር የማትሞላ፣ ከላይዋ ቀጭን ቱቦ የሚሰካባት።

«ይህን ይዩልኝ» አለች። «ቁስሉ የሚያዥው ፈሳሽ እዚህ ይጠራቀማል። ቤትም ይዛው ነው የምትሄደው። ሴቶቹ በመርፌ ቁልፍ ቀሚሳቸው ላይ ይሰኩትና ሲነሱ ሲቀመጡ እየጎተተ ያሰቃያቸዋል። አንገቷ ላይ የምታንጠለጥላት ትንሽ የጨርቅ ከረጢት ብትኖራት ግን በጣም ያሳርፋታል። እርስዎ ልብስ ሰፊ እንደሆኑ ባለቤቷ ሲናገሩ ሰማሁ።»

«ብርድ ልብስ ነው የምሰፋው» አለች እትዬ ብጣሽ፣ ብልቃጧን ተቀብላ እያገላበጠች። ወዲያው በጣቷ ለካቻት። «አንድ ናት አይደል?»

«እሱማ ዶክተሩ ሲያየው ነው። ዙሪያውን ብቻ ካነሳ አንድ፤ ሙሉውን ካነሳ ሁለት፣ አንዱ ከደረት አንዱ ከብብት። ለማንኛውም ሁለት ኪስ ያድርጉላት። አንዱ ባዶ ቢቀር ምን ይጎዳል?»

ምን ይጎዳል ትላለች! እትዬ ብጣሽ ቀና ብላ ስታያት ነርሷ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች።

«በገዛ እህቴ ላይ አላሟርትም» አለች እትዬ ብጣሽ። «አንድ ኪስ ነው የምሰፋው።»

ነርሷ ክርክር አላማራትም። ጥቅል ጥጥ አምጥታ ሰጠቻትና ገባች።

እትዬ ብጣሽ ያለ ስፌት ዕቃዋ ከቤት ወጥታ አታውቅም። ከእጅ ቦርሳዋ ውስጥ መርፌዎቿ፣ አፏ የሾለ ትንሽ መቀስ፣ የክር ጥቅል፣ ቁልፍና ዶቃ የታጨቀባት የክሬም ቆርቆሮ፣ በላስቲክ የታሰሩ አሥራ አንድ ብጣሾች ወጡ። ሥራዋ ሥርዓት አለው፤ ሁሉም ብጣሽ ተዘርግቶ፣ ቦታ ቦታውን ሳይዝ መርፌ አይነሳም። አግዳሚ ወንበሩ ላይ ዘረጋቻቸው። ከሙሽራ ሚዜ ቀሚስ የተረፈ ሐምራዊ፣ ከአስተናጋጅ ሽርጥ የመጣ ባለ መስመር፣ ከመጋረጃ የተቆረጠ ቢጫ አበባ፣ ሰማያዊ ከፋይ፣ ሌላም ሌላም። ሚጡ ቢጫ ስለምትወድ ቢጫው መሃል ገባ። ሐምራዊው ከባለ መስመሩ ጋር ተጣላባትና አራቀችው፤ ከዚያ መልሳ አቀረበችው።

የሚጡ ባል በዚህ ሁሉ ጊዜ ኮሪደሩን ከዳር እስከ ዳር እየተመላለሰ የወለሉን ንጣፎች ይቆጥር ነበር። ስንት እንደሆኑ ሁለቴ ነግሯታል፤ ቁጥሩ ግን አልገጠመም።

«ና እዚህ ተቀመጥ፤ አዞርከኝ» አለችው። «መርፌዋ ውስጥ ክር አስገባልኝ።»

ይህ ሰው የሰው ጉሮሮ ላይ ምላጭ ይዞ ሲሠራ እጁ ንቅንቅ የማይል ነው። ያን ዕለት ክሩን ሦስት ጊዜ ስቶ፣ በምራቁ አርሶ፣ በአራተኛው አስገባው።

«እትዬ፣ ሁለት ቢያደርጓትስ?»

«አፍህ ቁርጥ ይበል!»

«ነርሷ ያለችውን ነው እኮ።»

«ነርሷ አታውቃትም። አንተም ብትሆን አሥራ አንድ ዓመት ነው የምታውቃት። ዝም ብለህ ቆርቆሮዋን ያዝልኝ።»

ያዘላት። ፈሪ ባል ነው እንጂ ክፉ ባል አይደለም።

ብጣሾቹን እርስ በርስ አያያዘቻቸው። ከስራቸው ጥጡን በስሱ ዘርግታ፣ ገበሩን አልብሳ፣ ጥጡ እንዳይሸሽ ከላይ እስከ ታች በትንንሽ ስፌት ወጋቻቸው። ስፌቱ ስንዴ አይሞላም። እጇ ሲሠራ ጆሮዋ በሩ ላይ ነው። በሩ ሲንቋቋ መርፌዋ ጨርቁ ውስጥ ይቆማል፤ የወጣው የእነሱ ሰው አለመሆኑን ስታይ መርፌው ይቀጥላል። ኪሷን ሰፋች፣ አንዷን። ብልቃጧን ከተተችባት፤ ልክክ አለች።

ከዚያ ሰማያዊው ከፋይ ቀረ። ተርፏል። እትዬ ብጣሽ አነሳችው፣ በጣቷ ለካችው። ወርዱም ቁመቱም የአንድ ኪስ ነው፤ አይበልጥ አያንስ። ከረጢቷ ላይ በግራ በኩል አስጠግታ አየችው። ማንም አላያትም። «ባዶ ቢቀር ምን ይጎዳል» ያለችው ነርስ ድምፅ ጆሮዋ ላይ መጣ። ሁለተኛ ኪስ መስፋት ማለት ልቧ ያወቀውን እጇ ማመኑ ነው። መቀሱን አነሳችና ከፋዩን ሦስት ቦታ ሸረከተችው፤ ለማንገቻው ማጠናከሪያ ሁለት፣ ለጌጥ አንዲት ቅጠል። እንዳትፈተን አጠፋችው። ልብ አድርጉልኝ፣ ሠላሳ ስድስት ዓመት አንዲት ጣት የምታህል ብጣሽ ያላባከነች ሴት ናት ይህን ያደረገችው።

ሐኪሙ ሁለት ሰዓት ቢፈጅ ነው ብሎ ነበር። አራት ሰዓት ተኩል ሆነ። አምስት ሆነ። ሚጡ የሚያብለጨልጭ ነገር ነፍሷ ስለሆነ እትዬ ብጣሽ ወደ ማስጌጡ ገባች፤ አምስት ነጭ ቁልፍ ክብ ደርድራ አበባ አደረገቻቸው፣ መሃሉ ላይ ቀይ ዶቃ፣ ከስሩ የከፋዩን ቅጠል፤ በከረጢቷ አፍ ዙሪያ ደግሞ ትንንሽ የብር ቀለም ዶቃ አንድ በአንድ። ዶቃ መስፋት ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ትዕግሥቱ ነው የቸገራት። አንዷ አመለጠቻትና እየነጠረች ከወንበሩ ስር ገባች። የሚጡ ባል በጉልበቱ ወርዶ ፈለጋት።

እሱ ከስር እያለ በሩ በኃይል ተከፈተ። አረንጓዴ የለበሰ ወጣት እየሮጠ ወጣ፤ ኮሪደሩን ጨርሶ ታጠፈ። ወጣቱ ሁለት ከረጢት ደም ታቅፎ እየሮጠ ተመለሰ። ባልየው ከወንበሩ ስር ሳይወጣ፣ በአራት እግሩ እንደቆመ፣ «የእሷ ነው?» አለው። ወጣቱ አልሰማውም፤ በሩ ተዘጋ።

«ሌላም ሰው ውስጥ አለ» አለች እትዬ ብጣሽ። ድምፅዋ የሌላ ሰው ድምፅ መሰላት። «ሌላም ሰው ይኖራል።»

«አዎ፣ ይኖራል» አለ እሱ።

መርፌዋ ጣቷን ወጋት። ከልጅነቷ ጀምሮ እንዲህ ተወግታ አታውቅም። ጨርቁ እንዳይነካ ጣቷን አፏ ውስጥ ከተተችና እዚያው፣ ጣቷ በአፏ፣ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። አምላኬ፣ የእኔን ውሰድ፣ የእሷን ተውላት አለች በሆዷ። የእኔስ ምን ይሠራልኛል? ጣቶቼንም ውሰዳቸው፤ እነሱ ናቸው የዋሹት። ባልየው አይቷት ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እኔ ስለዚህ ሰው የምወድለት ነገር ይህ ነው።

ስድስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ሐኪሙ ወጣ። ቆቡን አውልቆ ግንባሩን ጠረገ።

«ደህና ናት። ትንሽ ደም ፈሷት ነበር፣ ተክተንላታል» አለ። ከዚያ ወደ እትዬ ብጣሽ ዞረ። «ሙሉውን ማንሳት ነበረብኝ። ብብቷ ስር ያሉትን ዕጢዎችም ወስጃለሁ። የቀረ ያለ አይመስለኝም፤ ሕክምናዋን ትቀጥላለች።»

የሚጡ ባል የሐኪሙን እጅ ይዞ አለቀቀውም፤ «ደህና ናት ብለዋል፣ ደህና ናት አይደል?» እያለ ያንኑ ደጋገመ። እትዬ ብጣሽ ግን አልጋው ሲገፋ አየች። ሚጡ ፊቷ ገርጥቷል፣ ከንፈሯ ደርቋል። ከአንሶላው ስር ሁለት ቱቦ ወጥቷል። በቱቦዎቹ ጫፍ፣ በመርፌ ቁልፍ የተሰኩ ሁለት ብልቃጦች ተንጠልጥለዋል። ቆጠረቻቸው። እንደገና ቆጠረቻቸው። በእጇ ላይ ያለችው ከረጢት በቁልፍ አበባ፣ በብር ዶቃ ተሽሞንሙና፣ አንድ ኪሷን ከፍታ ተቀምጣለች።

ወደ መኝታ ክፍሉ እንዴት እንደሄደች አታውቀውም። ልብ ስትል አልጋው አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ሁለቱንም ብልቃጥ አንዷ ኪስ ውስጥ ልታስገባ ሞከረች። ነርሷ «ይተዉ፣ ቱቦው ይታጠፋል» አለቻት። ደግ ሴት ናት፤ «ነግሬዎት አልነበረም ወይ» ብትል ይገባት ነበር፣ አላለችም።

«ጨርቅ የለኝም» አለች እትዬ ብጣሽ። ይህን ቃል በዕድሜዋ ተናግራው አታውቅም።

ባልየው ሸሚዙን ከሱሪው ነቅሎ ጫፉን ዘረጋላት። «ከዚህ ይቁረጡ።»

«እሱ ያንሸራትታል። ብልቃጡን ይጥልባታል።» ከዚያ ተነሳች። መቀሷን አነሳችና የራሷን ቀሚስ የቀኝ ኪስ ከጠርዙ መተርተር ጀመረች። የሥራ ቀሚሷ ነው፤ ወፍራም፣ ብዙ የታጠበ፣ ለስላሳ ጥጥ። ስፌቱን አንድ በአንድ በመቀሷ ጫፍ እየለቀመች ኪሱን እንዳለ፣ ቅርፁ ሳይበላሽ፣ አወጣችው። ቀሚሷ ላይ ያልደበዘዘ አራት ማዕዘን ቀረ። የወጣውን ኪስ ከረጢቷ ላይ፣ ከመጀመሪያው አጠገብ አስቀመጠችና በድርብ ክር መስፋት ጀመረች። አበባ የለው፣ ዶቃ የለው። ቸኩላለች፤ ስፌቷ ተንጋደደ፣ አላረመችውም።

ሦስተኛውን ጎን ስትጨርስ ሚጡ ዓይኗን ከፈተች። መጀመሪያ ጣሪያውን አየች። ከዚያ እጇ በቀስታ ወደ ግራ ደረቷ ሄደና ፋሻው ላይ ቆመ። እጇን መለሰችው። ዓይኗ የእህቷ ጭን ላይ አረፈ።

«ቢጫ አለው» አለች። ድምፅዋ ሻክሯል።

«አለው የኔ እናት። አትናገሪ።»

«ያኛው ኪስ ግን አስቀያሚ ነው፣ እታለም።»

«አዎ፣ አስቀያሚ ነው።» እትዬ ብጣሽ መርፌዋን አስቀመጠች። ከዚህ በላይ መሸከም አልቻለችም። «ሚጡ፣ ስሚኝ። ጠብቂ ያልኩሽ እኔ ነኝ። ያን ቀን ተነስቼ እጅሽን ይዤ ብወስድሽ ኖሮ... እግሬን እንኳ ከመኪናው ላይ አላነሳሁም። እኔ ነኝ የቆረጥኩሽ። ብትጠዪኝ አልፈርድብሽም።»

ባልየው ሁለቱን ተራ በተራ አየ። ስለዚያች ቅዳሜ አያውቅም ነበር። ሚጡ ዓይኗን ጨፈነች፤ ተመልሳ የተኛች መሰላቸው።

«እኔ ልጅ ነኝ እንዴ?» አለች ዓይኗን ሳትከፍት። «አርባ ዓመቴ ነው። የሐኪም ቤት መንገድ አውቀዋለሁ። በየቀኑ በበሩ ነው የማልፈው።»

«እኔን ጠይቀሽኝ ነው እንጂ!»

«አዎ፣ ጠየቅኩሽ።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «ትምህርት ቤት አብራኝ የምታስተምረው ነርስ የነበረች ናት። እሷን አልጠየቅኳትም። እሱንም አልነገርኩትም፤ ያኔውኑ ጎትቶ ይወስደኝ ነበር። ፈርቼ ነበር፣ እታለም። ጠብቂ የምትለኝ አንቺ ብቻ እንደሆንሽ ስለማውቅ ነው አንቺ ጋ የመጣሁት።»

እትዬ ብጣሽ ተናደደች፤ እውነቱን ልንገራችሁ፣ መጀመሪያ የመጣባት ንዴት ነው። ሰባት ወር ሙሉ! ትንሽ ቆይቶ ንዴቱ ወደ እንባ ተለወጠ። የእህቷን እጅ ያዘች፤ ቀዝቅዟል። በሁለቱም እጇ ሸፍና ያዘችው።

«ከእንግዲህ የምፈራው ነገር ቢመጣ» አለች ሚጡ፣ «አንቺን አልጠይቅሽም።»

«አትጠይቂኝ» አለች እትዬ ብጣሽ። «ብቻ ንገሪኝ።»

ሚጡ በእሺታ አንገቷን ነቀነቀች። እትዬ ብጣሽ የቀረውን አንድ ጎን ሰፍታ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። ከረጢቷን አንገቷ ላይ አጠለቀችላት። ነርሷ ብልቃጦቹን ከመርፌ ቁልፎቹ ፈታች፤ አንዱን ቢጫው ኪስ ውስጥ፣ አንዱን ከታላቋ ቀሚስ በመጣው ኪስ ውስጥ አስቀመጠቻቸው።